መድረክ የማይለቅ

እህቴ ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ አንዲት ጠባብ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ነበረቻት። ዘመኑ 1989 ዓ.ም. ነው። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩና ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ብቻዬን ከምሆን እዚያ እሷ ዘንድ እንድቀመጥ ተወስኖብኝ ነበር። ቅጣት መስሏችሁ እንዳታዝኑልኝ። በዚያች ክፍል ውስጥ ኮምፒዩተር ነበረ!

ዊንዶውስ 95 በዓለም ገበያ ከዋለ ዓመት ከመንፈቅ ቢሆነውም እቴቴ ዘንድ (እህቴን እስከ ዛሬ የምጠራት እንዲህ ነው) ገና አልደረሰም። የእሷ ማሽን የሚሠራው በዊንዶውስ 3.1 ነበር። በአንዱ መስኮት ማመልከቻ ትጽፋለች፤ በሌላው የትናንቱን ከፍታ ታመሳክራለች። “ኦልት” እና “ታብ” የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫን አንዱ መስኮት ወደ ኋላ ይሄድና ሌላው ብቅ ይላል። የተሸፈነው ወረቀት የት ሄዶ እንደሚቆይ ሳስብ እውል ነበር።

ጥያቄው የልጅ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ መስኮቶቹን እንደ ወለል ንጣፍ ጎን ለጎን ይደረድራል እንጂ አንዱን በሌላው ላይ አያነባብርም ነበር። የአፕሉ ቢል አትኪንሰን ደግሞ በ1979 የዜሮክስን የምርምር ማዕከል ሲጎበኝ፣ ተሸፍኖ የነበረ መስኮት ሲገለጥ ራሱን መልሶ ሲሥል ያየ መሰለው። የዜሮክሱ ማሽን ግን ያን አያደርግም ነበር። አትኪንሰን “አይቻለሁ” ብሎ ስላመነ መንገዱን ራሱ ፈልጎ አገኘው ይባላል። እንዲህ ያለውን ስሕተት ለሁላችንም ያድለን።

ከመስኮቶቹ በስተኋላ ያለው ነገር ግን ይበልጥ ያስገርማል። የእቴቴ ማሽን ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ የሚሠራ ይመስላል እንጂ አይሠራም። አንጎሉ አንድ ነው፤ ፕሮግራሞቹ በየተራ ይጠቀሙበታል። ተራውን የሚያስከብር ግን የለም። እያንዳንዱ ፕሮግራም ጥቂት ሠርቶ በገዛ ፈቃዱ “ቀጥሉ” ማለት አለበት። ሰብሳቢ የሌለው የእድር ስብሰባ በሉት፤ ሁሉም ጨዋ እስከ ሆነ ድረስ ያምራል። አንድ መድረክ የማይለቅ ተናጋሪ ከተነሣ ግን ሌላው ሁሉ አፉን ይዞ ይቀራል። የዚያን ጊዜው ማኪንቶሽም ጠባዩ ይኸው ነበር። አሚጋ የሚባለው ማሽን በ1985 ሲወጣ ተራ የሚነጥቅ ሰብሳቢ ነበረው፤ ወደ እኛ ሰፈር ግን ዝር አላለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ገቡ። የቤት ክርክር አለባቸው፤ ወረቀታቸው መዝገብ ቤቱ ሳይዘጋ መግባት ነበረበት። ማንበብ ስለማይችሉ በቃል ይናገራሉ፣ እቴቴ ትጽፋለች። ቤቱን እንዴት እንደ ሠሩት፣ ቆርቆሮውን ከማን እንደ ገዙ፣ ደረሰኙም በሟች ባለቤታቸው ሣጥን ውስጥ መኖሩን፣ ሁሉንም በዝርዝር አስጻፉ። ሣጥኑ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረና ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ እቴቴ የማስረጃዎቹን ቅጂ ልታስነሣ ጎረቤት ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደች።

ኪሴ ውስጥ ከክፍል ጓደኛዬ የተዋስኩት ጨዋታ ያለበት ዲስኬት ነበር። ማመልከቻው በአንዱ መስኮት ይቆያል፣ እኔ በሌላው እጫወታለሁ፤ ምን ችግር አለው? ዲስኬቱን ከተትኩ። ማሽኑ አጓራ፣ የአሸዋ ሰዓቷ ምልክት መጣች፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ድርቅ አለ። እቴቴ እንዲህ ሲሆን የምትጫናቸውን ሦስት ቁልፎች ተጫንኩ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ በእንግሊዝኛ ብዙ ጻፈ። ስላልገባኝ እንደገና ተጫንኩ።

ጽሑፉ የተረዳኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንዱን ቁልፍ ብጫን ኖሮ የደረቀው ጨዋታ ብቻ ይዘጋ ነበር። ሦስቱን መድገም ግን ማሽኑን እንደ አዲስ ያስነሣል፤ ያልተቀመጠውም ሁሉ ይጠፋል።

ሽማግሌው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲያዩኝ ነበር። እቴቴ ተመልሳ “ምን ሆነ?” ስትል ዲስኬቱ ኪሴ ገብቷል።

“እኔንጃ ልጄ፣ ዕቃውም ደክሞት ይሆናል” አሉ።

“ይቅርታ አባባ፤ እንደገና ይንገሩኝ” አለች።

እንደገና ነገሯት። ሰዓቱ እየሄደ ነበር። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አጠረ፤ ስለ ቆርቆሮው ተናገሩ፣ ስለ ሣጥኑና ስለ ደረሰኙ ግን ምንም አላሉም። ረስተውት ይሁን መድገሙ ከብዷቸው አላውቅም። ከሁለቱ ሌላ ያን የሰማሁ እኔ ነበርኩ፤ እቴቴ በጥድፊያ ላይ ናት። “ሣጥኑስ?” ለማለት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። አንዱን ካወጣሁ ሌላውም የሚወጣ መሰለኝ። ወረቀቱ ታተመ፣ ፈረሙ በጣታቸው፣ ሄዱ።

ባለፈው ዓመት እቴቴን ያን ማሽን ታስታውሺው እንደሆነ ጠየቅኋት። አንድ እጇ ስልክ ላይ፣ አንዱ ጀበናው ላይ ነበር። “ወይ ጉድ! እሱ እኮ ሁልጊዜ ያለ ምክንያት ነበር የሚቆመው” አለችና ሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ።

ይህን መጽሔት ታነባለች።