ጋምቤላ ለምትሄዱ

«ለዕረፍት ጋምቤላ ብሄድ ምን አያለሁ?» የምትሉኝ የዲፓርትመንት ጓደኞቼ፣ እነሆ። ስስ ልብስ ያዙ፤ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሙቀቱ ቀልድ አያውቅም። አመሻሽ ላይ ወደ ባሮ ውረዱ። እ.ኤ.አ. በ1902 ምኒልክ ለእንግሊዞች የንግድ ጣቢያ ከፈቀዱ በኋላ፣ በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ቡና ይጭኑ ነበር።

ከዚያ መንገዱን አጣርታችሁ በአቦቦ በኩል ወደ ጎግ ሂዱ። አባቴ የተወለደው እዚያ ነው። እኔ ግን አዲስ አበባ ስላደግሁ አኙዋክኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ባለፈው የካቲት አያቴ ዲሙይ አውጥታ አሳየችኝ፤ ለጥሎሽ የሚሰጥ ሰማያዊ ዶቃ ነው። አንድ በአንድ እየነካች ግማሽ ሰዓት ያህል አወራችልኝ። የአጎቴ ልጅ ሲያስተረጉም፣ «የማን የማን እንደነበረ ነው የምትልህ» አለና ዝም። በቃ! በቃለ መጠይቅ ኮርስ «ኤ» ያመጣሁት ልጅ አንድ ጥያቄ እንኳ መጠየቅ አቃተኝ።

ድምጿን በስልኬ ቀድቼዋለሁ። አኙዋክኛ የምትችሉ ካላችሁ ዲፓርትመንት ፈልጉኝ፤ ቡና እጋብዛለሁ።