«የኛ አይደለም» የተባለው ጊታር

መቼም በየሰፈራችሁ ጊታር ያንጠለጠለ አንድ ጎረምሳ አይጠፋም። «የዛሬ ልጆች የሰው አገር ጩኸት ይዘው ሊያደነቁሩን ነው» የሚል ወሬም ቡና ላይ ሳትሰሙ አትቀሩም። እኔም እዚህ ቦንጋ ሆኜ ሰሞኑን የማስታርቀው ጠብ ይኸው ነው። የተጣሉት ባልና ሚስት አይደሉም፤ አባትና ልጅ ናቸው። ያጣላቸውም ገንዘብ አይደለም፤ «የኛ» የምትባል አንዲት ቃል ናት።

ልጁ የእህቴ ልጅ ነው። ዕድሜው 19 ነው። ከአራት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ባንድ አቋቁሟል። ያላቸው ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝና ግማሹ የተገዛ፣ ግማሹ የተለመነ ድራም ነው። የካፋን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ መብራታችን ደግሞ ዳመና ሲያይ ይደነግጣል። ስለዚህ ልጆቹ የሚለማመዱት መብራት ሲመጣ ነው። ሲመጣም ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል! የሚጫወቱት ሮክ ነዋ።

አባትየው ቡና ነጋዴ፣ የተከበረ ሰው ነው። አንድ ማታ አስጠራኝና «አንቺ ጋዜጣ ላይ ሰው ትመክሪ የለ? እስቲ ይሄን ልጅ ምከሪልኝ» አለኝ። «ይሄ ነገር የኛ አይደለም። ወይ ጊታሩን ሸጦ ባጃጅ ላይ ይቀመጥ፤ ወይ እንደ ሰው ኪቦርድ ይዞ ሠርግ ይሥራ። እስከ መስቀል ጊዜ ሰጥቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ወይ ጊታሩ ይወጣል፣ ወይ ልጁ።» እህቴ ጓዳ ሆና ታለቅሳለች። ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ቤቱ ውስጥ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን አይጠፋም። «ጋሼ፣ ጥላሁንን ይወዱት የለም?» አልኳቸው። «እሱማ የኛ ነው!» አሉኝ። «ከኋላው የሚነፋው ሳክስፎንስ? እሱም የኛ ነው?» ስላቸው ፈገግ ብለው ዝም አሉ።

እኔ ትምህርቴ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም፤ የሙዚቃ ምሁር ነኝ አልልም። ቢሆንም ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አምጥተው የነፋስ መሣሪያ ባንድ አቋቋሙ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም እሱው ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አባቶቻችን ቀጥ ብለው የቆሙለትን መዝሙር ዜማ የሠራልን አርመናዊ ነው። ከዚያ ወዲህ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ምድር ጦር እያልን ያደግንባቸው ኦርኬስትራዎች ሁሉ ትራምፔትና ሳክስፎን ይዘው ነው «የኛ» የሆኑት።

ሩቅ ለምን እንሄዳለን? ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው በ1943 ጅማ ነው። ጅማ ደግሞ ያኔ የካፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። እንግሊዝ ተምሮ፣ አሜሪካ ቦስተን በርክሊ ገብቶ፣ የኛን ቅኝት ከጃዝ ጋር አጋብቶ ኢትዮ ጃዝ የሚባለውን አወጣ። ዛሬ ፈረንጅ «ኢትዮጵያ» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው የሱ ዜማ ነው። ዓለማየሁ እሸቴም በልጅነቱ የጀመረው ኤልቪስ ፕሪስሊን እየተከተለ ነው። «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» የሚለው ስም በ2021 እስኪሞት አልለቀቀውም፤ ግን ማንም ጆሮ ያለው ሰው ዓለማየሁን ሰምቶ ኤልቪስ ነው አይልም። መኮረጅ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ ክፋቱ እዚያው መቅረቱ ነው።

ወደ ሮክ ስንመጣ የጃኖ ባንድን ነገር ማንሳት ግድ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ሕልም የቀዳውም ከነሱ ነው። በ2012 የመጀመሪያ አልበማቸውን «ኤርታሌ» ብለው ሲያወጡ ከባድ ጊታር በአማርኛ ዘፈን ላይ ጫኑ፤ ሴትም ወንድም ድምፃውያን አሰለፉ። የባንዱ ስም የአያቶቻችን ልብስ ነው፤ የአልበሙ ስም ደግሞ አፋር ምድር ላይ የሚንተከተከው እሳተ ገሞራ። እዚህ ቦንጋ ያየሁት ነገር ቤቱ ሁሉ ለሁለት መከፈሉን ነው። ወጣቱ «በቃ መጣልን!» ሲል፣ ትልልቁ «ጃኖ ለብሶ መጮህ ጀመሩ እንዴ?» አለ።

እርግጥ በጃኖ ላይ ከጩኸቱ የከበደ ጥያቄም ይነሳል። ልጆቹ ሰፈር ውስጥ ተገናኝተው የጀመሩት ባንድ አይደለም፤ ከዚጊ ማርሌ ጋር የሠራው አዲስ ገሠሠ ያሰባሰባቸው ናቸው። አልበሙንም ፕሮዲውስ ያደረገው አሜሪካዊው የቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። «ታዲያ ይሄ ተሠራ እንጂ ተወለደ ይባላል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራስ በትእዛዝ የተሰበሰበ አይደለም ወይ? አርባ ልጆችስ? እኔን የሚያሳስበኝ ማን ሰበሰባቸው የሚለው አይደለም፤ ከተሰበሰቡ በኋላ ከአፋቸው የወጣው ቃል የራሳቸው ነው ወይ የሚለው ነው። በሰሐራ በረሃ ያሉት የቱአረግ ልጆች፣ ቲናሪዌን የሚባሉት፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዘው በገዛ ቋንቋቸው ስለ ስደታቸው ዘፈኑ። በ2012 የግራሚ ሽልማት ሲሰጣቸው ጊታሩ የማን ነው ብሎ የጠየቃቸው የለም።

አሁን ወደ ልጆቻችን ልመልሳችሁ። በቅርቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት ቀረቡ። ከተማችን ውስጥ ባለ አንድ አዳራሽ ነው፤ የተገኘው ሰው መቶ አይሞላም። አባትየው አልመጣም። የአባትየው እናት ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ የልጅ ልጃቸው ነዋ!

ልጆቹ መጀመሪያ ሁለት የእንግሊዝኛ ዘፈን ተጫወቱ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከዩቲዩብ የተቀዳ ነበር፤ የድምፃዊው ትከሻ አነቃነቅ ሳይቀር። ሰው ለይሉኝታ አጨበጨበ። ሦስተኛው ላይ ግን በካፊኖኖ ጀመሩ። አያትየው ልጅ ሳሉ አባታቸው ማር ሊቆርጡ ጫካ ሲገቡ ያንጎራጉሩት የነበረ ዜማ ነው። ልጁ ቤት ውስጥ በስልኩ ቀድቶ ጊታርና ድራም አልብሶታል። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላ ያለ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ማየት ጀመረ። እኔ ደግሞ የማየው አያትየውን ነበር። ሁለት ጊዜ ፈገግ አሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ፊታቸው ጭፍግግ አለ።

ሲያልቅ ሄጄ «እማማ፣ እንዴት ነበር? ጩኸቱ አስቸገረዎት?» አልኳቸው።

«ጩኸቱስ ይሁን ልጄ፤ ነጎድጓድ ያለበት አገር ነው ያደግሁት» አሉኝ። «ግን አንዷን ቃል አጠፋት። እኔ የምለው ሌላ፣ እሱ ያለው ሌላ።»

ልጁን ጠርቼ ጠየቅሁት። የቃሏን ትርጉም አያውቀውም! ከስልኩ የሰማውን ድምፅ በመሰለው ሞላው እንጂ ምን እያለ እንደሆነ አልገባውም። ለምን? አባትየው ከእናቱ ጋር በካፊኖኖ እያወራ ከልጆቹ ጋር ግን በአማርኛ ብቻ ነው የኖረው። ትምህርት እንዳይከብዳቸው ብሎ ነው፤ ለክፋት አይደለም። እንዲህ ያደረገ ወላጅ በየቤቱ ሞልቷል።

ውድ አንባብያን፣ ጊታሩ የሰው አገር ነው ተብሎ ስንት ቀን የተጮኸበት ቤት ውስጥ የሰው አገር የሆነችው የአያት ቃል ሆና ተገኘች። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የምንላቸውን ቅኝቶች ሁላችንም እናውቃለን፤ እሰየው። ባቲም አምባሰልም የወሎ አገር ስሞች ናቸው። «የኛን ዝፈኑ» ስንል ልጆቹ የሚያስቡትም እነሱን ነው። ደጃችን ላይ ያለውን የካፋን ዜማ ማን ያስተምራቸው?

ይህንኑ ለአባትየው በማግስቱ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ልጅዎ የእናትዎን ዜማ ነው የዘፈነው። አንድ ቃል አሳስቷል፤ ያቺን ቃል ግን ሊያርሙለት የሚችሉት እናትዎና እርስዎ ናችሁ እንጂ ጊታር ሻጩ አይደለም» አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «የትኛዋን ቃል ነው ያጠፋው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም አልነገርኳቸውም፤ «እናትዎን ይጠይቁ» ብያቸው ወጣሁ።

እንግዲህ እንደ ዓምዱ ልማድ ምክሬን ላስቀምጥ።

ወላጆች፤ ልጃችሁ የያዘውን መሣሪያ ከመስበራችሁ በፊት ከአፉ የሚወጣውን ቃል ስሙ። የሰው ቃል ከሆነ የራሱን ስጡት። «የኛ አይደለም» ማለት ቀላል ነው፤ «የኛ ይኸውልህ» ለማለት ግን ቁጭ ብሎ ማስተማር ይጠይቃል። የጊዜ ገደብ መስጠትም ካስፈለገ ስምምነት ይሁን፤ በቀን ይህን ያህል ሰዓት ለሥራ ወይም ለትምህርት፣ ይህን ያህል ለሙዚቃ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ለጎረቤት እንቅልፍ!

ልጆች፤ ሠርግ መሥራት ነውር አይደለም። የጊታር ክር በአየር አይገዛም። ቅዳሜና እሁድ የሰው ዘፈን ተጫውታችሁ ያገኛችሁትን፣ በሳምንቱ ለራሳችሁ ዘፈን አውሉት። ግን ሁለቱን አታደባልቁ። ከአያት የወሰዳችሁትን ዜማ ደግሞ አስፈቅዳችሁ ውሰዱ፤ መድረክ ላይ ስትወጡም የማን እንደሆነ ተናገሩ። የማታውቁትን ቃል በጩኸት አትሸፍኑት። ጊታር ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ አያትን ግን አያታልልም።

ጃኖዎች ሁለተኛ አልበማቸውን ያወጡት በ2018 ነው፤ ከመጀመሪያው ስድስት ዓመት ቆይተው ማለት ነው። ስሙም «ለራስህ ነው» ይባላል። እናንተም የመጀመሪያ ቀን ጭብጨባ አያታልላችሁ፤ ስድቡም አያስደንግጣችሁ። እውነተኛ መሆናችሁ የሚታወቀው በመጀመሪያው ቀን አይደለም፤ የተሳሳተችውን ቃል አርማችሁ ሁለተኛ ስትመጡ ነው።

መስቀል ገና ነው። ጊታሩም እስካሁን ከቤት አልወጣም። እህቴ ትናንት እንደነገረችኝ ግን አባትየው ማታ ማታ ከእናታቸው ጋር ቁጭ ብለው በካፊኖኖ ሲያወሩ ልጁን «ና፣ አንተም ተቀመጥ» ማለት ጀምረዋል።