ፖርቱጋል የማይለው ፖርቱጋል

በአማን ከተማ፣ ተላዕ አል-ዓሊ በሚባል ሰፈር ውስጥ ብርቱካን የምትባል ኢትዮጵያዊት ስሟን ለማዳሟ ስትናገር ሳቅ አይቀርላትም። ዮርዳኖሳውያን ፍሬውን በጽሑፍ «ቡርቱቃል»፣ በሰፈር አፍ ደግሞ «ቡርድአን» ስለሚሉት፣ ማዳም የምትሰማው የሰው ስም ሳይሆን የሁለት ኪሎ ግዢ ነው። እኛ ዘንድ ግን ብርቱካን የተከበረ የሴት ስም ነው፤ ምርጫ ቦርድን የመሩት ብርቱካን ሚደቅሳም የሚጠሩት በዚሁ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ቀለሙ ነው። እዚሁ ሰፈር ፖርቱጋልኛ የሚማር አንድ ወዳጅ አለኝ። የእንግሊዝኛውን «ኦሬንጅ» የሚል ቅጽል ሊተረጉም ሲነሳ መዝገበ ቃላት መግለጥ አላስፈለገውም። «ዓረቡ ቡርቱቃሊ ይላል፣ እኛ ብርቱካንማ እንላለን፤ ስሙ ራሱ ፖርቱጋል አይደል እንዴ? ባለቤቶቹማ ከዚህ አይርቁም» አለ።

ርቀዋል። ፖርቱጋሎች «ላራንዣ» ነው የሚሉት። ያውም ሌላው ቅጽል ስሙን ተከትሎ ሲበዛ ይኼኛው ንቅንቅ አይልም። ነጭ ሸሚዞች «ካሚዛሽ ብራንካሽ» ሲሆኑ፣ ብርቱካንማዎቹ «ካሚዛሽ ላራንዣ» ናቸው። ቀለም ከሆነም በኋላ ፍሬነቱን አልረሳም።

ነገሩ የንግድ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ከእስያ የመጣው ኮምጣጣው ዓይነት ነበር። በሳንስክሪት «ናራንጋ»፣ በፋርስ «ናራንግ»፣ በዓረብ «ናራንጅ» ተባለ። ዓረቦች ወደ አይቤሪያ ሲያሻግሩት ፖርቱጋሎች «ላራንዣ» አደረጉት፤ ፈረንሳዮች ደግሞ ከፊቱ ያለውን «ን» ጥለው ለእንግሊዞች አቀበሉ። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 እ.ኤ.አ. ሕንድ ከደረሰ ወዲህ ጣፋጩን ዓይነት ፖርቱጋሎች ይነግዱት ጀመር። ዓረቦች «ናራንጅ»ን አስቀድመው ለኮምጣጣው ስለሰጡ፣ ጣፋጩን በሻጩ አገር ጠሩት። ቱርኩም «ፖርታካል»፣ ግሪኩም «ፖርቶካሊ» አለ።

«እኛማ ከክርስቶፎር ዳ ጋማ ወታደሮች ነው የሰማነው» የሚል አይጠፋም። በ1541 እ.ኤ.አ. የቫስኮን ልጅ ተከትለው በምጽዋ በኩል የዘለቁት 400 ፖርቱጋሎች አስተምረውን ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የምንልጠው ላራንዣ ነበር። የብርቱካናችን የመጨረሻው «ን» ግን በግብጾችም በሻም (በሶርያና በዮርዳኖስ አካባቢ) ሰዎችም አፍ አለ፤ ቃሉን የቀዳነው ከዓረብ ጎረቤቶቻችን ነው።

እናም ፖርቱጋልኛ የምትማሩ ወገኖች፣ ለፍሬውም ለቀለሙም ላራንዣ በሉ። ፖርቱጋልን ለቪዛው ማመልከቻ አቆዩት።