የጊዜ ገደብ ተቀማጭ

ሥራዬ የሰው ገንዘብ መቁጠር ነው፤ ግጥም የምሞነጫጭረው የባንኩ በር ከተዘጋ በኋላ ነው፡፡ ሰሞኑን ግን ግጥሙንም ትቼ ስለ ፈንገስ ሳነብ አመሸሁ፡፡

ቡናውም በቆሎውም በሥሩ ውስጥ ፈንገስ አስጠግቶ ይኖራል፡፡ ይህን ጉርብትና ሊቃውንቱ ማይኮራይዛ ይሉታል፡፡ ተክሉ በፀሐይ ብርሃን ካበጀው ስኳርና ቅባት ያካፍላል፤ ፈንገሱ ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮቹን ሥሩ ወደማይደርስበት አፈር ሰድዶ ፎስፎረስ ያመጣል፤ አባቴ ዳፕ እያለ በብድር ይገዛው በነበረው ማዳበሪያ ውስጥ ያለውን ማለቴ ነው፡፡ በደጋችን ቀይ አፈር ፎስፎረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተቆራኝቶ ስለሚቀር፣ ውለታው ቀላል አይደለም፡፡

እጄን በአፌ ያስጫነኝ ግን የማስቀመጫው ነገር ነው፡፡ ፈንገሱ ያገኘውን ፎስፌት እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በረጅሙ ሰክቶ፣ በክሮቹ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ጎተራዎች ያኖረዋል፡፡ ፖሊፎስፌት ይባላል፡፡ ሰንሰለቱ በክሩ ውስጥ እየተጓዘ ሥሩ ዘንድ ሲደርስ ይበጣጠስና፣ በሥሩ ሕዋስ ውስጥ እንደ ዛፍ በተንዠረገገው የፈንገሱ ቅርንጫፍ በኩል ለተክሉ ይከፈላል፡፡

ታዲያ ሁሉም እኩል ከፋይ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት በታተመ ጥናት፣ ከተፈተኑት ዝርያዎች አንዱ ፎስፎረሱን በረጃጅም ሰንሰለት ቆልፎ ለራሱ ሲያከማች ተገኘ፡፡ ተክሉም አወቀበት፤ ስኳሩን አብልጦ ለደጉ ፈንገስ አደላ፡፡

እዚህ ላይ ንባቤን አቆምሁ፡፡

ከአምስት ዓመት በፊት፣ በግንቦት፣ ታናሽ ወንድሜ ከገጠር ደውሎ ለቡና ችግኝ ገንዘብ ለመነኝ፡፡ «ጋሼ፣ ክረምቱ ሳይገባ ብትልክልኝ» አለ፡፡ «በጊዜ ገደብ አስቀምጬዋለሁ፤ መስከረም ላይ ይደርሳል» አልሁት፡፡ ውሸት አልነበረም፡፡ ወለዱን ብቻ አጥቼ በዚያው ዕለት ላወጣው እንደምችል ግን እኔ አውቅ ነበር፤ እርሱ አያውቅም፡፡ መስከረም ጠባ፤ ብሩ ከነወለዱ ወጣ፡፡ የወለዱን ልክ ለእናንተ መንገር እንኳ ያሳፍረኛል፡፡ እርሱ ግን የአባታችንን በሬ ሸጦ ችግኙን ተክሎ ነበር፡፡ ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ጠይቆኝ አያውቅም፤ በየበዓሉ እየደወለ ጤናዬን ብቻ ይጠይቃል፡፡

ባለፈው ሳምንት በአገር ሰው እጅ ቡና ላከልኝ፤ ከራሱ ማሳ የተለቀመ፣ በአሮጌ የዳፕ ከረጢት የታሰረ፡፡ ደብዳቤ የለውም፡፡ ከረጢቱ ከበሩ ጥግ ተቀምጧል፤ እስካሁን አልፈታሁትም፡፡