በመናገሻ ሱባ ጫካ የተደረገ የእግር ጉዞ

በቢሮ ወንበር ተቀምጦ ወረቀት ሲያገላብጥ የሚውል፥ ወደ ቤቱም በአውቶሞቢል ተጭኖ የሚገባ ሰው እግር ለምን እንደ ተሰጠው እየረሳ መሄዱ አይቀርም። እኛም ከእነዚሁ ሰዎች አንዱ ነበርን። ባለቤታችን ግን ይህን ነገር ከእኛ አስቀድማ ተመልክታው ኖሮ፥ ባለፈው ነሐሴ አንድ ቀን ማታ ራት ከተበላ በኋላ፥ በከተማችን በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ እሑድ በአንድነት ወደ ተራራና ወደ ጫካ በእግር የሚሄዱ ሰዎች ማኅበር መኖሩን ነገረችን። የእኛንም የልጃችንንም ስም አስቀድማ አስመዝግባ ስለ ነበረች፥ ነገሩ ምክር ሳይሆን ዐዋጅ ሆኖ አገኘነው።

እንዲህ ያለው ማኅበር በሌላው ዓለም አዲስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር የተራራ ወጪዎች ማኅበር የተቋቋመው በ1857 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በአሜሪካም ሴራ ክለብ የሚባለው ማኅበር በ1892 ተመሥርቶ፥ ከ1901 ጀምሮ አባሎቹን በብዛት ሰብስቦ በካሊፎርንያ ተራሮች ላይ ድንኳን እያስተከለ ያስከርማቸው ነበር። ነገር ግን በብዙ ሆኖ በእግር መሄድን እኛ ከማንም አልተማርነውም። በየዓመቱ ጥቅምት 5 ቀንና መጋቢት 5 ቀን ዝቋላ አቦን ለመሳለም ሽቅብ የሚወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ሲራራ ነጋዴም ቢሆን ብቻውን በረሓ አይገባም ነበር፤ ነጋድራሱን አስቀድሞ፥ አጋሰሱን አስከትሎ፥ ከጓደኞቹ ጋራ ይጓዝ ነበር እንጂ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የቀደሙት ሰዎች የሚሄዱት ለስለት፥ ለንግድ ወይም ለዘመቻ ሲሆን፥ የዛሬዎቹ የማኅበር ሰዎች የሚሄዱት ለመሄድ ብቻ ነው። እኛም መጀመሪያ ይህን ስንሰማ ሳቅን።

በመስከረም ወር መጨረሻ በአንዲት እሑድ፥ ገና ከጧቱ በ12 ሰዓት፥ ከባለቤታችንና ዐሥር ዓመት ከሆነው ልጃችን ጋራ ከተቀጠረው ስፍራ ደረስን። ተጓዦቹ ሁላችንም ሃያ ሰባት ነበርን። አስተማሪ አለ፥ የባንክ ጸሐፊ አለ፥ ነጋዴ አለ፥ ተማሪም አለ፤ ሁሉም የሚተዋወቀው በሹመቱ ሳይሆን በጫማው ነው ማለት ይቻላል። አሮጌና የተረገጠ ጫማ ያደረገው እንደ ነባር ይከበራል፤ እንደ እኛ አዲስ ጫማ ገዝቶ የመጣውን ግን በርኅራኄ ዓይን ይመለከቱታል። የዚህንም ምክንያት ከቀትር በፊት ለመረዳት በቅተናል።

የጉዞው መሪ በሞያዋ ነርስ የሆነች ወጣት ሴት ነበረች። አውቶቡሱ ሳይነሣ ቆማ ሥርዓቱን ነገረችን። ከፊተኛው ሰው ማንም አይለፍ፤ ከኋለኛው ሰው ማንም አይቅር፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ካለበት ዛፍ ሥር ይቀመጥ እንጂ መንገድ ፍለጋ አይሂድ፤ ፊሽካ ሦስት ጊዜ ሲነፋ የሰማ ሁሉ በሦስት ይመልስ አለች። ለልጆቹም ለያንዳንዳቸው ፊሽካ አደለቻቸው። ከፊት የሚሄደው ከጫካው ጥበቃ የሚሰጠን የአገሩ ሰው እንደ ሆነ፥ በመጨረሻ የሚሄደው ግን ከመካከላችን አንድ ሰው እንደ ሆነ ነግራን ሰውየውን አሳየችን። ዕድሜው ወደ አምሳ የሚጠጋ፥ ቃል የማያበዛ አናጢ ነበረ። እኛም በልባችን፥ ይህ ምስኪን መሄድ ቢያቅተው የኋላውን ስፍራ ሰጡት ብለን አሰብን። ፊታውራሪ የተባለው ማዕርግ ከጦር ፊት የሚመራ ማለት መሆኑን የማያውቅ ባይኖርም፥ ደጀን ምን ሥራ እንዳለው ግን በዚያን ጊዜ እኛ ራሳችን ረስተነው ነበር።

ከአዲስ አበባ ወጥተን ሰበታን ካለፍን በኋላ፥ አስፋልቱን ትተን በጥርጊያ መንገድ ወደ ሱባ አቀናን። በግራና በቀኝ የጤፉ ማሳ አረንጓዴ፥ ዳርቻው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ከፊት ለፊታችን የወጨጫ ተራራ ቆሟል። ይህ ተራራ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ ሲሆን፥ ከፍታው 3,385 ሜትር ነው። በጐኑ ላይ እንደ ጋቢ የተደረበው ጫካ የመናገሻ ሱባ ጫካ ይባላል።

ስለዚህ ጫካ ታሪክ ሲነገር፥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ተራራው ተራቁቶ ቢያዩት፥ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስዘሩበት ይባላል። ስለዚህ ዛሬ ከሥሩ ቆመን አንገታችንን ቀልብሰን የምናየው ጽድ፥ የንጉሥ ትእዛዝ የልጅ ልጅ ነው ማለት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባን ከቈረቈሩ በኋላ የከተማው ማገዶ ስላለቀ፥ መናገሻውን ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ እንደ ነበር ይታወቃል። አሳቡን ያስቀረው ከውጭ አገር መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። አንድ ከተማ ሙሉ እንጨት አጥቶ ከስፍራው ሊነቀል በደረሰበት በዚያ ዘመን፥ ለከተማው ቅርብ የሆነው ይህ ጫካ ሳያልቅ መትረፉ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ከበሩ የተቀበሉን መሪ በዕድሜ የገፉ የኦሮሞ ሰው ነበሩ። ዛፉን ሁሉ እንደ ዘመድ በስሙ ያውቁታል። ጽዱን ጋቲራ፥ ዝግባውን ብርብርሳ፥ ወይራውን ኤጀርሳ፥ ኮሶውን ሄጦ እያሉ ለልጃችን ያስተምሩት ጀመር፤ እርሱም በአንድ ሰዓት ውስጥ እኛ በአርባ ዓመት ያላወቅነውን ዐወቀ። ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚዘል ጉሬዛ ነጭ ካባውን አንሠራፍቶ ሲያልፍ ሁሉም ቆመ። ከዝግባው ሥር አንድ ድኩላ አንገቱን አቅንቶ ጥቂት ተመልክቶን ተሰወረ። የጫካው ሽታ፥ የረጠበው ቅጠልና የጽዱ ሙጫ፥ የልጅነታችንን የቤተ ክርስቲያን ግቢ አሳሰበን፤ በዚያ ጊዜ በእውነት ደስ አለን። ይህን ለመሰለ ነገር ከቤት መውጣት የሚገባ መሆኑንም ለባለቤታችን ተናገርን። እርስዋም «ጧት ይህን አላልክም» ብላ መለሰችልን።

ወደ ላይ በወጣን መጠን ዳገቱ ከበደ። ከፍታው በየሺህ ሜትሩ ሲጨምር ብርዱ በስድስት ዲግሪ ያህል ይበረታል፤ አየሩም ስለሚሳሳ ሳንባ እንደ ወናፍ ይሠራል። ነባሮቹ ተጓዦች ቀስ ብለው፥ ግን ሳይቆሙ ይሄዳሉ። እኛ ግን በወጣትነታችን ብዙ መንገድ በእግራችን የሄድን ስለ ሆነ፥ ቀስ ማለት እንደ ውርደት ታየን። ሽማግሌው መሪ አንድ የቆየ ወይራ ለልጆቹ ለማሳየት ጥቂት ቢቆሙ፥ እኛ ከሁለት ተማሪዎች ጋራ ሆነን አልፈናቸው ሄድን። መሪያችን ከሩቅ አይታን፥

«ጋሼ፥ ከፊተኛው አይለፉ፤ መንገዱ ከፊት ይከፈላል» ብላ ጠራችን።

«ልጄ፥ እኛ መንገድ ስንሄድ አንቺ አልተወለድሽም» ብለን መለስንላት። ይህን ቃል አሁን ስንጽፈው እናፍራለን።

በዚሁ ጊዜ ከኋላ የሆነውን ነገር የሰማነው በኋላ ነው። የባለቤታችን ተረከዝ ከአዲሱ ጫማ የተነሣ ውሃ ቋጥሮ ነበር። መሪያችን ወደ ኋላ ተመልሳ ቁስሉን ስታስርላት፥ አናጢውም በአጠገባቸው ቆሞ ሲጠብቅ፥ ልጃችን መቀመጥ ሰልችቶት «ወደ አባባ ልሂድ» ብሎ እናቱን ጠየቀ። እርስዋም የእኛን ባርኔጣ ከዳገቱ በላይ ስላየችው ቅርብ ነን ብላ ሰደደችው። እኛ ግን የሚከተለን እንዳለ ሳናውቅ መንገዱ ከሚከፈልበት ስፍራ በስተቀኝ ወጥተን ሄድን። ልጁ ሲደርስ ሁለት መንገድ አገኘ፤ የግራው የከብት መንገድ ስለ ሆነ ሰፊ ነበር። ሰፊውን ያዘ።

ጽዱ አልቆ አስታው ከሚጀምርበት ሜዳ ላይ ደርሰን ደረታችንን ነፍተን ተቀመጥን። ሌሎቹም እያከታተሉ መጡ። ያን ጊዜ ከተራራው ራስ ጉም ወረደ፤ እንዲህ ያለውን ጉም ያላየ ሰው ይህን አያምነንም። አስቀድሞ ተራራው፥ ቀጥሎ ዛፉ፥ ከዚያም አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ሳይቀር ተሸፈነ። ባለቤታችን እያነከሰች፥ በመሪያችን ክንድ ተደግፋ ከጉሙ ውስጥ ወጣች። ዙሪያውን ተመለከተችና አንድ ቃል ብቻ ተናገረች።

«ልጁስ?»

እኛ ከእርስዋ ጋራ ነው ብለን፥ እርስዋም ከእኛ ጋራ ነው ብላ ኖሯል። መሪያችን ሰዉን በጣትዋ እየነካች ቈጠረች፤ ሃያ አምስት ሆነ። ሁለተኛም ቈጠረች፤ ሃያ አምስት። የእጅ ስልካችንን አውጥተን ብንሞክር መስመር አልነበረውም። እኛም ስሙን እየጠራን ቁልቁል ወደ ጉሙ ልንሮጥ ስንል መሪያችን ከፊታችን ቆመች።

«ጋሼ፥ አሁን እርስዎም ቢጠፉ የምንፈልገው ሁለት ሰው ነው። የጐደሉት ልጅዎና ደጀኑ ናቸው። ከሹካው መንገድ ላይ ሰውየው ጐንበስ ብሎ ጭቃውን ሲያይ ቀርቶ ነበር፤ ቅደሙ ስላለን ቀደምነው። እዚሁ እንቁም» አለች።

እርስዋ ፊሽካዋን ሦስት ጊዜ ነፋች። ጸጥ አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግማ ነፋች። ባለቤታችን ነጠላዋን በአፍዋ ይዛ ቆማለች፤ ወደ እኛ አልተመለከተችም፤ ቢሆንም ቅሉ ከመመልከት የከፋ ነበር። በቢሮ ስንት ሰው ከበራችን ቆሞ ሲጠብቀን እንኖር ነበር፤ እኛ ግን እንዲህ አድርገን መጠበቅን የተማርነው በዚያች ሰዓት ነው። በሦስተኛው ሲነፋ ከታች፥ ከሩቅ፥ እንደ ወፍ ድምፅ ቀጥኖ ሦስት ጊዜ ተመለሰ፤ ከእርሱም አጠገብ ወፈር ያለ ሌላ ፊሽካ ሦስት ጊዜ ተሰማ።

አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሁለቱ ከጉሙ ወጡ። ልጃችን በሰውየው ካፖርት ተጠቅልሎ፥ በአንድ እጁ ቆሎ ይዞ ነበር። አናጢው ነገሩን በሦስት ቃል ነገረን፤ በጭቃው ላይ ሁሉም ጫማ ወደ ቀኝ ሲሄድ አንዲት ትንሽ ጫማ ብቻ ወደ ግራ ስትሄድ አየሁ፥ ተከተልኋት፥ አገኘሁት አለ። ልጁ የከብቱ መንገድ በቁጥቋጦ ሲያልቅበት አልቅሶ፥ ከዚያም የጧቱን ትእዛዝ አስታውሶ ከአንድ ኮሶ ሥር ተቀምጦ ፊሽካውን ይነፋ ኖሯል።

«ሄጦ ሥር ነው የተቀመጥኩት» አለ ለሽማግሌው መሪ፥ ስሙን እንዳልረሳው እንዲያውቁለት።

እኛ በጣም ርቀን ስለ ነበር ፊሽካውን አልሰማንም። የሰማው የኋለኛው ሰው ብቻ ነው።

በዚያን ዕለት የተራራውን ራስ ማንም አላየውም። መሪያችን ሰዓቱ አልፏል ብላ ሁላችንንም መለሰችን፤ ከተማሪዎቹ በቀር ያጕረመረመ የለም። ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይልቅ ጕልበትን እንደሚጐዳ፥ ጥፍሩን ሳይቆርጥ የመጣም ሰው የእግሩን ጣት ጥፍር በከንቱ እንደሚያጠቍር በዚያ መንገድ ላይ ተረዳን። ለእንዲህ ያለ ጉዞ የሚያስቡ ባለ ትዳሮች ቢኖሩ፥ አዲሱን ጫማ አስቀድመው ሁለት ሳምንት በቤትና በጎረቤት እንዲረግጡት፥ ለያንዳንዱ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ፥ በሶ ወይም ቆሎ፥ ፀሓይ ቢሆን እንኳ የዝናብ ልብስ እንዲይዙ እንመክራለን። ስለ ልጆቹ ደግሞ፥ ማን ከማን ጋራ እንደሚሄድ ባልና ሚስት አፍ ለአፍ ተነጋግረው ይለያዩ።

ከአውቶቡሱ ስንደርስ አናጢውን ለማመስገን ቃል ፈለግን፤ እጅ ነሥተን ዝም ከማለት በቀር የሚሆን አላገኘንም። እርሱም «ከሁሉ በኋላ ሲሄዱ ብዙ ነገር ይታያል» ብሎ የካፖርቱን ጭቃ ያራግፍ ጀመር።

በኅዳር ወር ማኅበሩ ወደ ዝቋላ ሄደ። ተራራው 2,989 ሜትር ነው፤ በራሱ ላይ ባለው ጕድጓድ ውስጥ ሐይቅ አለበት። መሪያችንን ከአናጢው ጋራ ከኋላ እንድንሄድ ለመንናት፤ ጥቂት አስባ ፈቀደችልን። በመንገዱ ላይ አንድ የወደቀ መነጽርና የአንዲት ሴት ሻሽ አነሣን፤ ትንፋሽ አጥሮት ለማንም ሳይናገር ከድንጋይ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌም አግኝተን ውሃ ሰጥተን፥ እስኪበረታ አብረነው ተቀመጥን። ባለቤታችን ከፊት ከሄዱት ጋራ ነበረች፤ እኛ ስንደርስ ከሐይቁ ዳር ተቀምጣ ዳቦ ቈርሳ ትጠብቀን ነበር። ልጃችንም ፊሽካውን በአንገቱ አንጠልጥሎ፥ ከመሪያችን ጐን ቆሞ፥ የሚደርሰውን ሰው በጣቱ እየነካ ይቈጥር ነበር።