ሪፖርት የማይገባው ጤና አዳም

ስለ ከተማ ግብርና ሲወራ የሚቆጠረው እንቁላል፣ ወተትና ጎመን ነው። የሌማት ትሩፋት በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህም ዜናው የሚመጣው በቁጥር ነው። ጤና አዳም ግን በኩንታል አይለካም። ስለዚህ ሪፖርት ውስጥ የሚያስገባው የለም፤ ሲጠፋም የመዘገበው አልነበረም።

የአዲስ አበባ የቀበሌ ቤት ግቢ ጠባብ ቢሆንም አጥሩ ሥር የማይታጡ ነገሮች ነበሩ፦ ለቡናው ጤና አዳም፣ ለሽሮው በሶብላ፣ ለቅቤ ማንጠሪያ ኮሰረት። አንድ ቤት የበቀለ ጤና አዳም ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል። ቡና ሲፈላ ልጅ ይላካል፤ «እማማ፣ እናቴ ጤና አዳም ስጡን ብላለች» ይላል። እማማ ቀጠፍ አድርገው ይሰጣሉ፤ በዚያው «እናትህ ተሻላት?» ብለው ይጠይቃሉ። ቅጠሉ ሰበብ ነው። ዋናው ነገር በሩ መንኳኳቱ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲስፋፋ፣ በቅርቡ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ሰፈሮችን ሲያነሳ፣ ብዙ ሰው ከመሬት ወደ ፎቅ ወጣ። የጋራ ሽንት ቤትንና የክረምት ጭቃን የሚናፍቅ የለም። ነገር ግን ውሉ ላይ የተጻፈው ካሬ ሜትርና የመኝታ ክፍል ብዛት ነው፤ አጥር ሥር የነበረችው አፈር አልተጻፈችም።

አራተኛ ፎቅ የገባች አንዲት እናት ጀበናዋንና ረከቦቷን ይዛ ወጣች። ለዓመታት የቆየውን ጤና አዳም ነቅላ ባልዲ ውስጥ ብትተክለው ግን ደረቀባት። አሁን ከጉልት ትገዛለች። ዋጋው አይከብዳትም። የሚከብደው ሌላ ነው፤ ስድስት ወር ሙሉ የፊት ለፊት ጎረቤቷን ስም አላወቀችም። በሯን የምታንኳኳበት ምክንያት የላትማ!

«በሳንቲም ለሚገኝ ነገር ምን ያደክማል?» የሚል አይጠፋም። ከጉልት የተገዛ ቅጠል ሂሳቡ እዚያው ይዘጋል። ከጎረቤት የተቀጠፈ ግን ነገ የሚመለስ ነገር ያስከትላል።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ታቹ የተበሳ አሮጌ የቀለም ባልዲ፣ አፈር፣ ትንሽ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ፣ ፀሐይ የሚያገኝ የበረንዳ ጥግ። ያረጀ ግንድ ከመንቀል ለጋ ቅርንጫፍ መቁረጥ ይሻላል፤ ጤና አዳምም ሆነ ሮዝመሪ የታችኛው ቅጠሉ ተራግፎ ሲተከል ሥር ያወጣል። ከጥማት ይልቅ የሚገድላቸው ውሃ ማብዛት ነው። በሶብላ ከዘር ይበቅላል፤ ብርድ አይወድም፤ አበባው ሲቀነጠስ ቅጠሉ ይበዛል። የጤና አዳም ፈሳሽ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ከቆረጡ በኋላ እጅ መታጠብ ነው። ነፍሰ ጡር ሴቶችም ቢቀርባቸው ይሻላል።

ነገሩ የግለሰብ ጥረት ብቻ አይደለም። በየብሎኩ መካከል ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ባዶ ቦታ አለ። የነዋሪዎች ኮሚቴ ስለ ጥበቃ ደመወዝና ስለ መኪና ማቆሚያ ሲሰበሰብ፣ አንድ አልጋ የምታህል መደብ ለጤና አዳምና ለበሶብላ ቢፈቅድ ማን ይጎዳል? ዲዛይን የሚሠሩትስ በረንዳ ልብስ ከማስጣት ሌላም ጥቅም እንዳለው ቢያስቡ?

እስከዚያው፣ የበቀለለት ሰው ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጦ የጎረቤቱን በር ያንኳኳ። አንዱ ለቡና፣ አንዱ ለመትከል።