በስሜን ተራራ ያለብን ዕዳ

ተራራ ለማየት የሚወጣ ሰው የፈጣሪን ጥበብ አድንቆ ይመለሳል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ያማረው ሥፍራ አምሮ እንዲኖር ዋጋውን የከፈለ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ መንገደኛ ጥቂት ነው። ይህን እንዳስብ ያደረገኝ በ2012 ዓ.ም. በወርኀ ጽጌ ከሦስት ወዳጆቼ ጋራ ወደ ስሜን ያደረግሁት የአንድ ቀን ጉዞ ነው።

ከጎንደር ማልደን ተነሥተን በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ዳባት ስንደርስ ገብሱ ዛላውን ሰጥቶ ሜዳው ሁሉ ደስ ያሰኝ ነበር። ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከደባርቅ ጥቂት አለፍ ብለን ሊማሊሞን ከአፋፉ ሆነን ተመለከትነው፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቈረጠው መንገድ እንደ ተጣጠፈ መቀነት ወደ ቈላው ይወርዳል። ከዚያም ተመልሰን በቡይት ራስ በር የተጠየቅነውን ገንዘብ ከፍለን ወደ ብሔራዊ ፓርኩ ገባን። ከሳንቃበር ወዲያና ወዲህ ጭላዳዎች በመንጋ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ፥ የጅንባር ወንዝም ወደ ገደሉ ሲወረወር አየን። ወዳጆቼ ቅኔ ካልተቀኘህ ብለው ግድ ቢሉኝ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ሞከርሁ፤ ሰሙ ተራራው ነበረ፥ ወርቁ ግን አልመጣልኝም።

ማታ ደባርቅ ሻይ ስንጠጣ አንድ ሽማግሌ ጥምጣሜን አይተው፥ «መምሬ፥ ዋልያ አገኛችሁን?» አሉኝ። «አላገኘንም፥ አባቴ» አልኋቸው። «እኔ ልጅ ሳለሁ ከእርሻችን ዳር እናየው ነበር» አሉ። ሽማግሌው ሙስሊም ናቸው፤ አገራቸውም 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የነበረው የግጭ መንደር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሜን በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እርሻውና ከብቱ እየሰፋ የዋልያው መኖሪያ ስለ ጠበበ፥ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ ሰዎች ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ በ2009 ዓ.ም. ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ሽማግሌው ሲናገሩ ምሬት አልነበረባቸውም። «እውነት ነው፥ በሬያችን ሣሩን ወስዶበታል። ዋልያ ከዚህ በቀር ሌላ አገር የለውም። እኔም ሌላ አገር አልነበረኝም» ብለው ዝም አሉ። እኛም የምንመልሰው አጣን።

ዳዊት በ103ኛው መዝሙር ተራራው የዱር እንስሳት መሸሻ መሆኑን ከተናገረ በኋላ፥ በዚያው መዝሙር ሰው እስኪመሽ ድረስ ለሥራው መውጣቱንም ያነሣል። አንደኛው ሌላውን አላስወጣውም፤ ሁለቱም በአንድ ምስጋና ገብተዋል። ዛሬ ለዋልያው መሸሻው ሰፍቶለታል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ለሽማግሌው ግን ማልደው የሚወጡበት የገብስ እርሻ ቀርቶባቸዋል። የእርሳቸው መውረድ ለተራራው የተሰጠ ስጦታ ነው፤ ስጦታውንም የምንበላው እኛ ተመልካቾች ነን።

ስለዚህ አንባብያን ሆይ፥ መንገዱ ሲቀናችሁ ወደ ስሜን ውጡ፤ የእግዚአብሔርንም ሥራ እዩ። ስትመለሱ ግን ደባርቅን በችኰላ አትለፉት። ከግጭ የወረዱትን ጠይቋቸው፤ ከሚሸጡት ግዙ፤ ለልጆቻቸው ሥራና ትምህርት ሲታሰብ የአቅማችሁን አዋጡ። በፓርኩ በር የከፈልነው ገንዘብ የመግቢያ ነበረ፤ ዕዳው ግን ገና አልተከፈለም።